የዕድራችን መዝገብ የት ገባ?

ወገኖቼ፣ የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ከሮም ሲመለስ እልል ያልን፣ የመቅደላ ዝርፊያ በተነሣ ቁጥርም አንጀታችን የሚቃጠል ሰዎች ነን። ይህ ያስመሰግነናል። ለንደን ላለው ብራና የምንቆጨውን ሩቡን ያህል እንኳ በሠፈራችን ላለው ቅርስ ስንቆጭ ግን አላየሁም፤ ስለዚህ ዛሬ የምወቅሰው ባለሥልጣንን ሳይሆን እናንተንና ራሴን ነው።

በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፣ በ2017 መጀመሪያ ደግሞ የካሳንቺስ ነባር መንደሮች ሲፈርሱ ብዙው ነዋሪ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄደ፤ አብሮም ዕድሩ ተበተነ። ቤቱ መፍረስ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለው ሙግት እዚህ ይቆየን። የዕድር መዝገብ ማን መቼ አባል እንደሆነ፣ ማን እንደሞተ፣ በማን እግር ማን እንደተተካ፣ መዋጮው ከስንት ሳንቲም ተነሥቶ ስንት ብር እንደደረሰ በተለያዩ ጸሐፊዎች የእጅ ጽሑፍ የሰፈረበት ስለሆነ፣ ለአንድ ሠፈር ከዚህ የሚበልጥ ታማኝ ምስክር አላውቅም። ታዲያ ድንኳኑንና ብረት ድስቱን ሸጠን ገንዘቡን ስንከፋፈል፣ መዝገቡ በማን ቤት እንደቀረ የጠየቅን ስንቶቻችን ነን? ሰባራ ባቡር የተባለው ሠፈር ስሙን ከየት እንዳገኘ የሚተርኩልንን አዛውንትስ ቀብረን ስንመለስ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ሆነናል።

«ገንዘብ የለም» አትበሉኝ። ለተዝካር በሬ የምንጥል፣ ለሠርግ ቪዲዮ የምንበደር እኛው ነን። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከ9 ሺህ በላይ ጥንታዊ መጻሕፍታችን በማይክሮፊልም የተነሡት በአሜሪካ ሚኒሶታ ካለ የቤኔዲክታውያን ገዳም ቤተ መጻሕፍት ጋር በተደረገ ትብብር ነው፤ ቅጂውም እዚያ አለ። እግዜር ይስጣቸው፤ የዶሮ ማነቂያ ሠፈርን ዕድር መዝገብ ሊያነሣልን ግን ማንም መነኩሴ ባሕር አቋርጦ አይመጣም።

ሽማግሌን በስልክ መቅዳት ቀላል ነው። ወጪ የሚጠይቀው የተቀዳውን እያዳመጡ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ፣ የሰውና የቦታ ስሞችን ማጣራት፣ መዝገቡን ገጽ በገጽ አንሥቶ ቅጂውን ከአንድ በላይ በሆነ ስፍራ ማስቀመጥ ነው፤ ይህን የሚሠራ ወጣትም በነፃ ሳይሆን በደመወዝ ሊሠራ ይገባል። ዕድሮች የአንድ ወር መዋጮ ለዚህ መድቡ። በዋሽንግተንም ሆነ በዱባይ ያላችሁ የሠፈር ልጆች ለናፍቆት ድግስ ከምታወጡት ላይ ቀንሳችሁ አክሉበት። የሰው ዕዳና የቤት ገመና በመዝገቡ ውስጥ ስለሚኖር ሁሉ ነገር ለአደባባይ ይውጣ አላልኩም፤ ምን እንደሚገለጥ ጉባኤው ይወስን።

እስከዚያው ግን መዝገቡ በእጃችሁ ያለ ጸሐፊዎች፣ ዛሬውኑ ከአልጋ ሥር አውጥታችሁ እርጥበት ከማያገኘው ቦታ አስቀምጡት።