ቀጭኔም ሰባት አላት

ሰሞኑን ጅማ ውስጥ ስለ አጥንት ስብራት በተሰጠ ስልጠና ላይ አንድ ጠያቂ «የእኛን ሰው የአንገት አጥንት ለምን አንለካም?» ሲል፣ ከመድረኩ የተሰጠው መልስ እስካሁን አልዋጥልህ ብሎኛል። «ምኑ ይለካል? የሰው ሁሉ አንገት ሰባት አጥንት ነው፤ መጽሐፉ ላይ አለ።» አዳራሹም ሳቀ።

ሰባት መሆኑን ማን ካደ? ቀጭኔም እኮ ሰባት ነው ያላት። አይጥም እንደዚያው። በዚህ ሂሳብ የቀጭኔን የአንገት ስብራት የሚያስረው ብሎን ለአይጥም ይሆናል ማለት ነው።

ነገሩ ያለው ስፋቱ ላይ ነው። ባጃጅ ተገልብጦበት አንገቱ የተሰበረ ሰው መጣ እንበል። ሐኪሙ ብሎን ልሰር ካለ፣ አንዱ መንገድ የአከርካሪውን ፊትና ኋላ በምታገናኘው ቀጭን አጥንት ውስጥ ማሳለፍ ነው። የዚች አጥንት ስፋት መሃል አንገት ላይ በአማካይ 5 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ብሎኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ 3.5 ነው። በግራም በቀኝም የሚተርፈው አንድ ሚሊሜትር አይሞላም። አጥንቷ 4 ከሆነች ሩብ ሩብ ሚሊሜትር ይቀራል። በውስጥ በኩል ህብለ ሰረሰር አለ። በውጭ በኩል ወደ አንጎል የሚወጣው የደም ቧንቧ። እዚህ ቦታ ላይ ቆሞ «መጽሐፉ ላይ አለ» ማለት ምን የሚሉት ድፍረት ነው? መጽሐፉ የማንን አንገት ለካ?

የአንገት አከርካሪው የኋላ ጫፍ እንኳ አውሮፓዊ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ብዙ ጊዜ እንደ ሹካ ለሁለት ይከፈላል፤ አፍሪካዊ ዝርያ ባላቸው ላይ ይህ ያንሳል። ጃፓኖች የራሳቸውን ለኩ። የህብለ ሰረሰር መተላለፊያቸው ከምዕራባውያን ጠበብ ብሎ ተገኘ። መተላለፊያውን የሚያሰፋው ቀዶ ሕክምና ከእነሱ አገር መምጣቱን እኔ አጋጣሚ አልለውም። እኛ ግን እንስቃለን።

«የዘር ነገር ታመጣላችሁ» የሚሉም አልጠፉም። በአንድ አገር ውስጥ በወንድና በሴት፣ በረጅምና በአጭር መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከአገር አገር ካለው ይሰፋል። እንግዲያው ይባስ ብሎ መለካት ነው እንጂ!

ገንዘብ የለም እንዳይባል ሲቲ ስካኑ ተነስቶ አልቋል፣ ምስሉም ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል። ማውዙን አንዱ ጠርዝ ላይ ጫን አድርጎ ወደ ሌላው መሳብ ነው፤ ቁጥሩ ራሱ ይወጣል። በየዓመቱ የመመረቂያ ርዕስ ጠፋብኝ እያለ ኮሪደር ለኮሪደር የሚንከራተት ተማሪ ሞልቷል። ይኸውለት። አጥንታቸው ያልተሰበረ ሰዎችን ምስል ይምረጥ፣ ጾታና ቁመታቸውን አብሮ ይመዝግብ።