ላስቲኩ ያልተነሣለት ጭምብል

ለእናቴ የግቢ በር ለማሠራት አዲስ አበባ ውስጥ ወደ አንድ ብየዳ ቤት ጎራ አልኩ። በያጁ ገና ጢሙ ያልጠነከረ ልጅ ነው። የጸሐይ መነጽር አድርጎ፣ ሸበጥ ተጫምቶ፣ ቱቦላሬውን በጉልበቱ ደግፎ ይበይዳል። ፍንጣሪው እግሩ ላይ ሲያርፍ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እግሩን ያራግፋል እንጂ እጁ ንቅንቅ አይልም። ብየዳው ደግሞ፣ አይዋሽም፣ ከእኔ ይበልጣል።

«ጭምብል የለህም?» አልኩት።

«አለ ጋሼ። ግን እሱን ካጠለቅኩ የምጀምርበት ቦታ አይታየኝም።»

እውነቱን ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጭምብል መስታወቱ በፍንጣሪ ተነቃቅሶ ሌሊት መስሏል። ማታ ማታ ዓይኑ አሸዋ የገባበት ያህል ሲቆጠቁጠው ድንች ቆርጦ እንደሚለጥፍበት ነገረኝ። ድንቹ ከሥራ ዕቃው አንዱ ሆኗል! ብረት የሚቆርጡበት ግራይንደርማ የዲስኩ መከላከያ ወልቋል። «ትልቁ ዲስክ አልገባ ቢለን ነው» አሉኝ። ትልቁ ዲስክ ቀስ ብሎ ለሚሽከረከር ማሽን የተሠራ ነው፤ ፈጥኖ በሚሽከረከረው በትንሹ ማሽን ላይ ሲገጠም ከአቅሙ በላይ ይሽከረከርና ሊፈነዳ ይችላል። ይህን ስናገር ባለቤቱ በትሕትና ራሱን ነቀነቀና «አነስተኛ ድርጅት ነን» ብሎ ሻይ አዘዘልኝ።

ይህ ሰበብ ለእኔ አይዋጥልኝም። እኔም ቨርጂኒያ ውስጥ የምሠራው ሰባት ሰው ብቻ ባለበት የብረት መሥሪያ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ሕግ የወጣው በ1970 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከአሥር የማይበልጡ ሠራተኞች ያሉትን ድርጅት እያንዳንዱን ጉዳት መዝግቦ ከመያዝ ይምረዋል። ሰው ከሞተ ግን በ8 ሰዓት፣ ጣት ከተቆረጠ ወይም ዓይን ከጠፋ በ24 ሰዓት ውስጥ ማስታወቅ ለትንሹም ለትልቁም ግዴታ ነው። ሕጉማ እኛም አገር አለ፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያሳይ ያዝዛል። ብየዳ ቤቱ ደጃፍ ድረስ የመጣለት ሰው ግን የለም።

አሜሪካን አሞገስክ አትበሉኝ፤ ቂምም አለብኝ። አንድ ጠዋት የደኅንነት ጫማዬ ስለተቀደደ በስፖርት ጫማ ብሄድ አለቃዬ ከበር መለሰኝ። የግማሽ ቀን ደመወዜ ቀረ። ጭምብልና ጓንት ድርጅቱ ይሰጣል፤ እንዲህ ያለውን ተራ ባለብረት ጫማ ግን እንዲገዛ ሕጉ አያስገድደውም፤ ከኪሴ ገዛሁ። ሱቁ በሦስት ሰዓት ስለሚከፈት መኪና ውስጥ ተቀምጬ ስጠብቅ አለቃዬን ያልረገምኩበት ቋንቋ የለም። እስካሁን ያንገበግበኛል፤ የእግር ጣቶቼ ሙሉ መሆናቸውንም አልክድም።

ለሁለተኛ ጊዜ አገር ቤት ስሄድ ለልጁ ብልጭታው ሲነሣ በራሱ የሚጨልም ጭምብል ይዤለት ሄድኩ። ከዚህ በኋላ «አይታየኝም» የለም ብዬ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ብቅ ስል ልጁ በዚያው በጸሐይ መነጽር ይበይዳል። ጭምብሉ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ የፊቱ ላስቲክ እንኳን አልተነሣለትም። እናቴ ቡፌ ውስጥ ለእንግዳ የምትቆልፋቸው ሲኒዎች ትዝ አሉኝ።

«ምነው?» አልኩት።

«እንዳይጫርብኝ ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

ከዚያ አወረደው፣ በእጅጌው አቧራውን ጠረገና አጠለቀው። ጓደኛው በስልክ ፎቶ አነሣው። መልሶ ሰቀለው።