ጎማውን ዝጉልን

ወገኖቼ፣ የዛሬው ነገሬ ስለ ጎማ ነው። የመኪናውን አይደለም። ጠዋት ጠዋት ከየግቢው እየተሳበ የሚወጣውን፣ ያን ረጅሙን የውሃ ጎማ ነው የምላችሁ።

ሰሞኑን ወደ ታክሲ ስወርድ አንድ ጥበቃ አየሁ። በሩ ፊት ያለውን አስፋልት ያጥባል። አዎ፣ አስፋልት! አንዲት የባህር ዛፍ ቅጠል በጎማ እያባረረ ከበሩ እስከ ቦዩ ሸኛት። መጥረጊያው ግንቡ ላይ ተደግፏል። ቅጠሏ ቦይ እስክትገባ ሁለት ደቂቃ ፈጀባት። ደህና ግፊት ያለው ጎማ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በአንድ ደቂቃ ገደማ ይሞላል። ለአንዲት ቅጠል ሁለት ጀሪካን ወጣ ማለት ነው። በጥበቃው አልፈርድም፤ የታዘዘውን ነው የሚሠራ። ቁጣዬ አዛዡ ላይ ነው።

ያ ውሃ ከየት እንደመጣ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ከለገዳዲ፣ ከድሬ ወይም ከገፈርሳ ግድብ ይሆናል፣ አለዚያም ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች። የግድቡ ውሃ ጭቃው አሉም በሚባል ኬሚካል ዘቅጦለት፣ ተጣርቶ፣ ክሎሪን ገብቶበት ነው የሚደርሳችሁ። የአቃቂው ደግሞ ከመሬት ሆድ በመብራት ተስቦ፣ ከከተማው ዝቅተኛ ጥግ ሽቅብ እየተገፋ ነው። (መብራት ሲጠፋ ውሃው ተከትሎ የሚጠፋባችሁ ወዶ አይደለም።) በምኒልክ ዘመን ውሃ በቧንቧ ቤተ መንግሥት ሲገባ ሕዝቡ ጉድ ብሎ ነበር። እኛ አስፋልት እናጥብበታለን።

አዲስ አበባ ዳገት ናት። ውሃ ደግሞ ቁልቁል ይወዳል። በአንድ መስመር ታች ያሉት ሁሉ ጎማ ሲከፍቱ ግፊቱ እዚያው ያልቃል፤ ላይ ያለው ቧንቧ ባዶውን ያፏጫል። እኔ የምኖረው ላይ ነው። እኛ ሰፈር ፈረቃው ሲደርስ ውሃው የሚመጣው ሌሊት ነው፤ ታች ያለው ሰው ሲተኛ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ግድም መጀመሪያ አየር ይመጣል፤ ቧንቧው እንደ ሽማግሌ ይስላል። ከዚያ ክር የምታህል ውሃ። ጎረቤቴ እማማ ያን ሳል ሲሰሙ ጋቢያቸውን ደርበው ይወጣሉ። ቢጫ ጀሪካኖቻቸው ከማታ ጀምሮ ተሰልፈዋል። የመጨረሻው ሳይሞላ ወፍ ይንጫጫል።

እኔም ንጹህ አይደለሁም። አንድ ማታ «መጥቶ ይሆን?» ብዬ ቧንቧ ከፈትኩ። የለም። ሳልዘጋው ተኛሁ። ሌሊት መጣ፤ ጠዋት ግቢያችን ሐይቅ ሆኖ አገኘሁት። እማማ ባዶ ጀሪካናቸውን እንደያዙ «ልጄ፣ አንተ ጋ ሲንዶለዶል እኔ ጠብታ አጣሁ» አሉኝ። አልጮሁብኝም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

አትክልት አታጠጡ አልልም። በቀትር ግን ምን ሆናችሁ ነው? የየካቲት ፀሐይ ከጽጌረዳዋ ቀድማ ትጠጣዋለች። ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ፣ በባልዲ፣ ሥሯ ላይ አፍስሱላት። ልብስ ያለቀለቃችሁበት ውሃ እኮ ለሳሩ ይበቃል። መኪናም በባልዲና በጨርቅ ይታጠባል፤ የላዳ ሾፌሮችን ጠይቁ። እናንተ ላቫጆ ያላችሁ ደግሞ፣ ልጁ ሳሙና እየቀባ ሳለ ጎማው መሬት ላይ ለምን ይፈሳል? ጫፉ ላይ መዝጊያ ግጠሙለት።

ክረምቱንም እናባክነዋለን። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊሜትር ሲዘንብ 1 ሊትር ነው። 50 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊሜትር ቢወርድ 500 ሊትር፣ 25 ጀሪካን ሆነ። እናቶቻችን ከአሸንዳ ሥር በርሜል ይደቅኑ ነበር። እኛ አሸንዳውን ወደ መንገድ ለቀቅነውና መንገዱ ጎርፍ ሆነ ብለን እናማርራለን።

«መንግሥትስ?» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፤ የፈነዳ ቧንቧ ለቀናት ሲፈስ አይቻለሁ። ደውሉ፣ ተናገሩ፣ ጩኹ። «ከፍዬ ነው የምጠቀመው» የሚለውን ግን አልሰማም። የውሃ ቢል ከፍላችሁ ይሆናል። የእማማን ተራ ማን ሸጠላችሁ?

ነገ ጠዋት ሌላ ቅጠል እዚያው በር ላይ ትወድቃለች። መጥረጊያው ግንቡ ላይ ነው።