አሮጌውን ፕሪንተር አትጣሉት

ሕያው ሕዋስ በፕሪንተር ማተም ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው እኛ የማንደርስበት ውድ ማሽን ነው። አጀማመሩ ግን እንዲያ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1988 ሮበርት ክሌቤ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በኤችፒ ኢንክጄት (ቀለም በጠብታ በሚረጭ) ፕሪንተር ሕዋስ የሚጣበቅበትን ፕሮቲን በፈለገው ቅርጽ አስቀመጠ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አሜሪካ በሚገኘው ክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቶማስ ቦላንድና ባልደረቦቹ የቢሮ ፕሪንተር ፈታተው፣ ካርትሪጁን አጥበው፣ በቀለሙ ፋንታ ሕዋስ ያለበት ፈሳሽ ሞሉበት።

ይህን ሥራ አዳማ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሠሩ ልጆች ግማሹን ያውቁታል! ያለቀ ካርትሪጅ ይቀበላሉ፣ ላዩ ላይ ያለውን ስቲከር ይልጣሉ፣ በሲሪንጅ ቀስ እያሉ ቀለም ይሞላሉ፤ አፉ ከተደፈነም እርጥብ ሶፍት ላይ ጫን አድርገው ይከፍቱታል። የሕዋስ ማተም አንዱ ራስ ምታትም ይኸው ነው፤ ሕዋሱ ወደ ታች ይዘቅጥና ቀዳዳውን ይደፍነዋል።

የካርትሪጁ ሙቀትስ ሕዋሱን አይገድለውም? በእነዚህ ካርትሪጆች ውስጥ ያለችው ትንሽዬ ማሞቂያ እስከ 300 ዲግሪ ትደርሳለች፤ ፈሳሹ አረፋ ይሠራል፣ አረፋው ጠብታዋን ገፍቶ ያስወጣታል። ግን ሁሉም ነገር የሚያልቀው በጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ስለሆነ ጠብታዋ የምትሞቀው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። በ2005 የቦላንድ ቡድን ባወጣው ጥናት ሲታተሙ የፈረሱት የእንስሳት ሕዋሳት ከ8 በመቶ ያነሱ ነበሩ።

ነገ ኩላሊት እናትማለን እያልኩ አይደለም። ከደም ሥር ከ0.2 ሚሊ ሜትር በላይ የራቀ ሕዋስ ኦክስጅን አጥሮት ይሞታል፤ ወፍራም ቲሹ (የሕዋሳት ስብስብ) ውስጥ ደም ሥር መዘርጋት ደግሞ ዓለምን ገና እያስቸገረ ነው።

እኔ የምለው ሌላ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ መጋዘን ጨረታ እየጠበቀ አቧራ የሚጠጣው ፕሪንተር ለአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይሰጥ። የፎቶ ኮፒ ቤት ልጆችም ተገቢው ተከፍሏቸው ላብራቶሪ ገብተው ያሳዩ፤ እጃቸው የለመደውን ከመጽሐፍ ብቻ መማር አይቻልም። ከሰው ሕዋስ መጀመርም አያስፈልግም። እርሾ ሕያው ሕዋስ ነው፣ ከሱቅ ይገዛል፣ ቢሞትም ማንም አይጎዳም። በንጹሕ ካርትሪጅ ሞልቶ ለእርሾው ምግብ ባለው የላብራቶሪ ሳህን ላይ ማተም፣ ከዚያ የበቀለውን ሳይታተም ከቀረው ጋር አስተያይቶ መቁጠር። ይህን አንድ መምህርና ጥቂት ተማሪዎች በያዝነው ሴሚስተር ሊጀምሩት ይችላሉ።