የዩስራ ስም የት ገባ?

ስለ እንግሊዛዊቷ አርኪዮሎጂስት ዶሮቲ ጋሮድ እዚህ የወጣው ጽሑፍ የታቡን ዋሻውን የኒያንደርታል (ከምድር የጠፋ የጥንት ሰው ዓይነት) ራስ ቅል «ዶሮቲ ጋሮድ አገኘችው» ብሎ ላጥ! ኧረ ቀስ። እ.ኤ.አ. በ1932 ቀርሜሎስ ተራራ ላይ ከዚያ ሁሉ አፈርና ድንጋይ መሀል መጀመሪያ ጥርሱን ለይታ ያየችው ዩስራ የምትባል የአካባቢው ፍልስጤማዊት ሠራተኛ ናት፤ ቅሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሮድን ለማሳነስ አይደለም፣ የመንደሩን ሴቶች ቀጥራ ቁፋሮውን ያሠራችው እኮ እሷው ናት። ከላይ በአስተያየትህ ስለ ጋሮድ «ፕሮፌሰር ከሆነች ምን ጎደለባት?» ላልከው ወንድሜ ደግሞ፣ በ1939 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የአርኪዮሎጂ ፕሮፌሰርነቱን ወንበር ሲሰጣት ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ እንኳ አይሰጥም ነበር፣ እስከ 1948 ድረስ! ፕሮፌሰር ተብላ በዩኒቨርሲቲው ጉዳይ ድምፅ መስጠት አትችልም ነበር። ጸሐፊው «የመጀመሪያዋ ሴት ፕሮፌሰር» ካለ አይቀር ይቺን ምን አስዘለለው?