ይድረስ ለክቡር ሚስማር፣ ካሉበት ግንድ ውስጥ

ጉዳዩ፦ ሳንዋዋል ስለመሠረትነው ሽርክና

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። ናፍቆቱም ብዙ አያስቸግረኝም፤ ሥራ በተገኘ ቁጥር እንገናኛለን።

ምናልባት እኔን አያውቁኝ ይሆናል። እርስዎ የሚያውቁት ምላጬን ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ የጣውላ መሰንጠቂያ በፒካፕ እየጎተትኩ ሰው ግቢ ድረስ የምሄድ ሀበሻ ነኝ። ማሽኑ ራሱ ተሳቢ ነው። ጎማ አለው፣ ሞተር አለው፣ ክብደቱ ከአንድ ቶን ይበልጣል። ዛፍ የወደቀበት ወይም ያስቆረጠ ሰው ይደውላል። እሄዳለሁ። ግንዱን እዚያው ጣውላ አድርጌለት እመለሳለሁ። እርስዎ ግን ሁልጊዜ ቀድመውኝ ይደርሳሉ። አንዳንዴማ እኔ ሳልወለድ ደርሰው ቁጭ ብለዋል።

ከወቀሳ በፊት ምስጋና ማስቀደም ወጋችን ነው። እርስዎ ባይኖሩ እኔ እንጀራ አልበላም ነበር። ትልልቆቹ የጣውላ ፋብሪካዎች የሰው ጓሮ የበቀለ ዛፍ አይገዙም። ብዙዎቹ በነጻ ቢሰጧቸውም አይወስዱም። እርስዎን ፈርተው ነው። እዚያ አንድ መጋዝ ከተበላሸ መስመሩ በሙሉ ይቆማል። ስለዚህ «ከጫካ የመጣ ግንድ ብቻ» ይላሉ። ጓሮው ውስጥ ኦክ የሚባል ዛፍ ያለው ሰውዬ እዚህም እዚያም ሲደውል ይውልና መጨረሻ ላይ እኔ ዘንድ ይደርሳል። እንግዲህ ደንበኞቼን የሚልኩልኝ እርስዎ ነዎት ማለት ነው። ደመወዝ የማልከፍልዎት ደላላዬ ነዎት። ኮሚሽንዎን ግን ማንንም ሳይጠይቁ ከምላጬ ላይ ያነሳሉ።

ስለ ምላጩ ትንሽ ላጫውትዎ፣ ሳይተዋወቁ ነው የሚጣሉት። ርዝመቱ 4 ሜትር ገደማ ነው። ወርዱ 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ። ሁለቱ ጫፎቹ ተበይደው ክብ ይሆንና ሁለት መዘውሮች ላይ ይሽከረከራል። ቅጥነቱ ነው ጥቅሙ። የድሮው ክብ መጋዝ በያንዳንዱ ቆረጣ 6 ሚሊ ሜትር ያህል እንጨት ወደ ሰጋቱራ ይለውጣል፣ የኔው ከዚያ ግማሹን እንኳ አያባክንም። ኢንዲያናፖሊስ ላይ እ.ኤ.አ. በ1982 የተቋቋመው ዉድማይዘር የሚባለው የመሰንጠቂያ ማሽን ሠሪ ኩባንያ ስሙን የተከለው በዚህ ቀጭን ምላጭ ነው። ቀጭን ነገር ደግሞ ሆደ ባሻ ነው። እርስዎን ሲያገኝ አይችልም።

ጥርሶቹ በየተራ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ዘንበል ተደርገዋል፤ ሦስተኛው ቀጥ ያለ ነው። እርስዎ ሁሉንም አይነኩም። እሱ ቢሆን ይሻል ነበር። የአንዱን ወገን ብቻ ይላጩና ያልተነካውን ወገን ይተዉታል። ምላጩም ስለታም ወደቀረው ወገን መሄድ ይጀምራል። በዚህ ጫፍ ሦስት ሴንቲ ሜትር የጀመርኩት ጣውላ በወዲያኛው ጫፍ ሁለት ሆኖ ይወጣል፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ይቆለመማል። ከዚያ ደንበኛው በዓይኑ ጣውላውን፣ ቀጥሎ እኔን ያያል። እርስዎን ማንም አያይም።

ደንበኛውን ሳልጠይቀው ቀርቼ አይደለም። ሁልጊዜ እጠይቃለሁ። «እዚህ ዛፍ ላይ ሚስማር፣ ሽቦ፣ ቡሎን የመሰለ ነገር ተመቶበት ያውቃል?»

«በጭራሽ! ንጹህ ዛፍ ነው። ቤቱን ከገዛን ጀምሮ ማንም አልነካውም።»

ቤቱን የገዙት መቼ ነው? እ.ኤ.አ. በ2009። የዛፉ ቀለበት ሲቆጠር ግን መቶን ያልፋል። ከ2009 በፊት እዚያ ግቢ ማን ኖረ? ማን ዥዋዥዌ ሰቀለ? የማን ልጆች ዛፉ ላይ ቤት ሠሩ? ይህን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። እርስዎ ደግሞ አይናገሩም።

የአገሬ ሰው ከዚህ ይሻላል ብለው እንዳይጽናኑ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ አንዲት እትዬ ጓሯቸው የወደቀውን ዎልነት የሚባል ዛፍ ለረከቦትና ለቡና ጠረጴዛ እንድሰነጥቅላቸው ጠሩኝ። ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ እኔ ምን ሚስማር አውቃለሁ!» አሉ። ገና ሁለተኛውን ጣውላ ሳልጨርስ ድምፅዎን ሰማሁ፤ ብልጭታም ታየ። ግንዱን ፈልቅቄ ሳወጣው የጣት ያህል ወፍራም መንጠቆ ነው። ለእትዬ አሳየኋቸው። «እንዴ! እሱማ የልብስ ማስጫ ገመድ የታሰረበት ነው። አንተ የጠየቅከኝ ሚስማር አይደል?» ምን ይባላል? የምላጩን ዋጋ ላነሳ ስል አቦሉ ቀረበ። ሂሳቡን በረካው ላይ ዘጋነው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ዛፍም ጨምሩበት። ብዙ ሰው ዛፍ ሲያድግ ሚስማሩም አብሮ ወደ ላይ የሚወጣ ይመስለዋል። አይወጣም። ዛፍ የሚረዝመው ከጫፉ ነው፤ ግንዱ የሚያውቀው መወፈር ብቻ ነው። ደረት ልክ የተመታ ሚስማር ከ50 ዓመት በኋላም ደረት ልክ ነው። በየዓመቱ አንድ ቀለበት ይደረብበታል፣ ቅርፊቱ ይገጥማል፣ አለቀ። ከውጭ ጠባሳ እንኳ ላይታይ ይችላል። ነገሩን የሚያከፋው ደግሞ ምርጡ ጣውላ የሚወጣው ከታችኛው ግንድ መሆኑ ነው። ቅርንጫፍ ያልወጣበት፣ ጉጥ የሌለበት፣ ወርዱ ሰፊ የሆነው እሱ ነው። መዶሻ የያዘ የሰው እጅ የሚደርሰውም እዚያው ድረስ ነው። እርስዎ ሰፈር መምረጥ ያውቁበታል።

ቀጣሪዎችዎንም ታዘብኩ። ድመቴ ጠፋች የሚል ወረቀት የሚለጥፍ አለ። ድመቷ ተገኝታለች፣ ኖራለች፣ ሞታለች፣ እርስዎ ግን አሉ። የጓሮ ሽያጭ ቀስት፣ «አይገባም» የሚል ምልክት፣ የወፍ ቤት፣ የገና መብራት። የምርጫ ማስታወቂያም አለ። ተመራጩ ጡረታ ወጥቷል፣ እርስዎ አሁንም ሥልጣን ላይ ነዎት። እርሻ አካባቢ ከሆነ ደግሞ እሾሃማ ሽቦ ለማሰር ምሰሶ ከመትከል የቆመውን ዛፍ መቀጥቀጥ ይቀላል ያለ ገበሬ አይጠፋም። ያን ዓይነት ግንድ ሳይ ማሽኑን ከፒካፑ ሳልፈታ ዋጋ እጨምራለሁ።

ብረት መፈለጊያ የለህም ወይ ይሉኝ ይሆናል። አለኝ። ግንዱን ዙሪያውን እዳስስበታለሁ። ላይ ላዩን ያሉትን ወጣቶችዎን ያጋልጥልኛል፤ ጠልቀው የተቀመጡት አዛውንቶች ግን ጸጥ ይላሉ። ስለዚህ ግንዱን እያገላበጥኩ፣ አንድ ሁለት ጣውላ ባወጣሁ ቁጥር እንደገና እዳስሳለሁ። ደንበኛው ሰዓቱን ያያል።

እውነት ለመናገር ከመሣሪያው የተሻለ የሚያሳብቅብዎት የኦክ ዛፍ ራሱ ነው። ኦክ ውስጥ ታኒን አለ፣ ቆዳ የሚለፋበት ማለት ነው። ብረትና ታኒን እርጥበት ውስጥ ሲገናኙ ሰማያዊም ጥቁርም የሆነ ቀለም ይወጣል። ይህ ቀለም የእንጨቱን ክር ተከትሎ ወደ ላይና ወደ ታች ይሮጣል። ግንዱ ጫፍ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካየሁ ውስጥ ቤት እንዳለዎት አውቃለሁ። የትኛው ክፍል እንዳሉ ግን አላውቅም።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። ግንድ ውስጥ ብቻ ቢሆኑ ዝም እል ነበር። ሥራ ቦታ ለመድረስ ማለዳ ተነስቼ ተሳቢው ከፒካፑ የሚያያዝባትን ኳስ እፈትሻለሁ፣ ሰንሰለቱን አጠላልፋለሁ፣ መብራቱን አያለሁ፣ ፍሬኑን እሞክራለሁ። ተሳቢው ሲወዛወዝ ምን እንደሚመጣ ስለማውቅ ክብደቱ ወደ ፊት ትንሽ እንዲያደላ አድርጌ አስራለሁ። የጆርጅ ዋሽንግተን መናፈሻ መንገድ ለንግድ መኪና ክልክል ስለሆነ ዙሪያ ጥምጥም እሄዳለሁ። ለእኔ ያልተከለከለ ነገር ጥቂት ነው። ለእርስዎ ግን ሁሉም መንገድ ክፍት ነው። ላውደን ካውንቲ ውስጥ አዳዲስ ቤቶች በሚሠሩበት ሁሉ የጣሪያ ሚስማሮች አስፋልት ላይ ተዘርግተው ይጠብቁኛል። ጎሚስታዬ እንደሚለው የፊቱ ጎማ ከተኛችበት ያነሳታል፣ የኋላው ይቀበላታል። ከኋላው የሚከተለው ደግሞ የኔ ተሳቢ ነው።

የተሳቢ ጎማ ሲተነፍስ ሾፌሩ አይሰማውም። ፒካፑ እንደልቡ ይጎትታል። የሚነግረኝ ጎኔ የሚያልፍ ሰው ነው፣ ጡሩምባ እየነፋ፣ ጣቱን ወደ ኋላ እየቀሰረ። እኔ ሰላምታ መስሎኝ እጄን አነሳለሁ። ከዚያ የላስቲኩ ሽታ ይመጣል። ቤልትዌይ በሚባለው፣ ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና ጠርዝ ላይ፣ መኪኖች በክንዴ ሥር እየበረሩ፣ ክሪክ ከመሬት ጋር እታገላለሁ። ስኮርታውን ስገጥም ደንበኛው ይደውላል። «የት ደረስክ?» እርስዎ ጋ ደርሻለሁ አይባል!

ቅር ያለኝ ሌላ ነገር አለ። አሽ የሚባለውን ዛፍ የምትፈጀዋን አረንጓዴ ጢንዚዛ ያውቋታል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሚሺጋን ውስጥ ተገኘች፣ በዓመቱ ሜሪላንድ ገባች። በዚች ትንሽ ነፍሳት ምክንያት የፌዴራል መንግሥት የአሽ እንጨት ከክልል ክልል እንደልብ እንዳይጓጓዝ ለዓመታት ገድቦ ነበር። ገደቡ የተነሳው በ2021 ነው፣ ጢንዚዛዋ ስላለቀች ሳይሆን ገደቡ ስላላቆማት። እርሷ ቢያንስ ተፈርታለች፣ ተመዝግባለች። እርስዎ ግን በሞተ አሽ ውስጥ ተቀምጠው ያለ ወረቀት ከግቢ ግቢ ይዛወራሉ። የኔ ኢንሹራንስ ድርጅትም ስለ እሳት፣ ስለ ጎርፍ፣ ስለ ስርቆት ጠየቀኝ። ስለ እርስዎ አንድ ጥያቄ የለውም።

አንድ ነገር ግን በሽሙጥ አላልፈውም። እ.ኤ.አ. በ1987 ካሊፎርኒያ ክሎቨርዴል አንድ የጣውላ ፋብሪካ ውስጥ፣ ግንድ ውስጥ ተደብቆ የነበረ ትልቅ ሚስማር መጋዙን በጠሰው። የተበጠሰው ብረት የአንድ ወጣት ሠራተኛ ፊት ላይ አረፈ። ሰውየው ተረፈ፣ ጉዳቱ ግን ከባድ ነበር። በዓመቱ የፌዴራል ሕግ በመንግሥት ደን ዛፍ ላይ እንዲህ ዓይነት ሚስማር ሆን ብሎ መምታትን ወንጀል አደረገ። ለዚህ ነው ማሽኑ ሲሠራ የደንበኛዬን ልጆች ከምላጩ ትይዩ የማላስቆመው። ቪዲዮ እንቅረጽ ሲሉ ስቆጣ ሰው ክፉ ነው ይላል። ይበል።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸውና። ግንድ ውስጥ መግባት ግድ ከሆነብዎት ከጥይት ይማሩ። የቨርጂኒያ አዳኞች የሳቱት የእርሳስ ጥይት ግንድ ውስጥ አጋጥሞኛል። ምላጩ ሳያጉረመርም አልፎታል። አልሙኒየምም ጨዋ ነው። ከሁሉ የሚያስቸግሩት እርስዎ የብረቱ ነዎት። ወይም እንደ ድሮው የባቡር ሀዲድ ሚስማሮች ይሁኑ። የአሜሪካ ባቡር ኩባንያዎች ከሀዲዱ ሥር ያለው እንጨት የተነጠፈበትን ዓመት ራሱ ላይ የቀረጹበት ሚስማር ይመቱ ነበር። እርስዎም የመታዎትን ሰው ስልክ ግንባርዎ ላይ ቢይዙ ደረሰኙን የት እንደምልክ አውቅ ነበር።

እስከዚያው ውሌ ላይ አንድ አንቀጽ ጨምሬያለሁ። ብረት ከተገኘ ምላጩን የሚከፍለው ደንበኛው ነው። 30 ዶላር ገደማ ነው፣ የሚያጣላ አይደለም። እሱን ካነበቡ በኋላ ግን አንዳንዶቹ ኪሴን ያዩ ጀመር፣ ሚስማር ይዤ የመጣሁ ይመስል።

ባለፈው ደግሞ አንዲት የቤት ውስጥ ዲዛይነር መጣች። ለማገዶ ለይቼ ያስቀመጥኩትን፣ እርስዎ ያጠቆሩትን የኦክ ጣውላ አነሳች። ሰማያዊው መስመር፣ መሐሉ ላይ የእርስዎ ቀዳዳ። «ይህን የመሰለ ሌላ አለህ?» አለች። ከንጹሁ ጣውላ አስበልጬ ሸጥኩላት። እሱንም ሰምተው ኮሚሽን እንዳይጠይቁኝ።

ከማይቀረው ሰላምታ ጋር፣
ሸሪክዎ

ግልባጭ፦
ለሀሞክ (ዛፍ ላይ የሚንጠለጠል አልጋ) ቀለበት
ለአጥር ሽቦ
ለእትዬ የልብስ ማስጫ መንጠቆ (ሚስማር አይደለሁም ቢሉም ይመለከትዎታል)