ለመለማመጃ ምን አነሳት?

በማርሽ የሚሄድ መኪና ሊለማመድ ብሎ ርካሽ አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው እስከ ዛሬ የሚገባውን ክብር አላገኘም። ጫማ የሚገዛ ተራ ሰው እንኳ እግሩን አስገብቶ፣ ወዲያ ወዲህ ብሎባት ነው ገንዘቡን የሚያወጣው። ይሄኛው ጀግና ግን የፍሪሲዮን ፔዳል አረጋገጥ ሊማርባት የሚገዛትን መኪና፣ ፍሪሲዮኗን አንዴም ሳይረግጥ ይገዛታል። እንዲህ ያለ እምነት በዚህ ዘመን ከየት ይገኛል?

እምነቱ የቆመው በአንዲት አባባል ላይ ነው፦ «ለመለማመጃ ምን አነሳት?» ይህቺ አባባል የማትጠግነው ብልሽት የለም፤ የትኛውም መካኒክ አይስተካከላትም። ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ ይንጫጫል? ለመለማመጃ ምን አነሳት። የእጅ ፍሬኗ ዳገት ላይ አይዝም? ድንጋይ ይደረግላታል፤ ለመለማመጃ ምን አነሳት። ተማሪ መቼም ማጋጨቱ አይቀርም፣ ስለዚህ ቀድማ የተጋጨች ትሁን። ተማሪ መቼም ፍሪሲዮን መጨረሱ አይቀርም፣ ስለዚህ ያለቀላት ትሁን። ተማሪው ገና ሳይጀምር የሥራው ግማሽ ተሠርቶ ይጠብቀዋል።

እንዲህ ያለ ግዢ ብቻውን አይፈጸምም። «መኪና የሚያውቅ ሰው ይዤ ልምጣ» ይባላል፤ አዋቂውም ይመጣል። የአዋቂነቱ ማስረጃ ድሮ መኪና የነበረው መሆኑ ነው፤ እሱ ባይኖረው ወንድሙ ነበረው። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መኪናዋን አንዴ ይዞራታል። አይናገርም። ዝምታው ዋጋ ያስቀንሳል ተብሎ ይታመናል። ከዚያ ሁሉም የሚጠብቃት ቅጽበት ትደርሳለች፦ የፊት ጎማውን በእርግጫ ይለዋል።

ይህቺን እርግጫ ዝም ብዬ ላልፋት አልችልም። ጎማው ጎን ላይ የተመረተበት ሳምንትና ዓመት በአራት አሃዝ ተጽፏል፤ 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። በአንድ ጎኑ ብቻ ከተበላ ደግሞ አንድ የተጣመመ ወይም የላላ ነገር እንዳለ እየተናገረ ነው። ግን ይህን ለማንበብ ማጎንበስ ያስፈልጋል። አዋቂ አያጎነብስም። አዋቂ ይራገጣል፤ ጎማው «ዱብ» ይላል፤ አዋቂው ራሱን ይነቀንቃል። ሁለቱ ምን እንደተባባሉ እስካሁን የነገረን የለም።

ቀጥሎ ኮፈን ይከፈታል። ሞተሩ ትናንት ታጥቦ ያብረቀርቃል። ዘይት ከየት በኩል እንደሚያንጠባጥብ ሊመሰክር የሚችለው እድፍ ከሳሙናው ጋር ሄዷል፤ አዋቂው ግን በንጽሕናው ረክቷል።

«እንዴት አዩዋት ጋሼ?» ይላል ገዢው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ድምጿን ስማው።»

«ምን ይላል?»

«ምንም አይልም። ጥሩነቱ እሱ ነው።»

የሻጩንም ውለታ መዘንጋት ደግ አይደለም። እንግዶቹ እንዳይጉላሉበት ብሎ ሞተሩን ቀደም ብሎ አሙቆ ነው የሚጠብቃቸው። የቀዘቀዘ ሞተር ሲነሳ ገበናውን ሁሉ ያወጣዋላ! ዘይት የሚያቃጥል እንደሆነ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል፤ የራዲያተሩ ውሃ ወደ ውስጥ የሚሾልክ እንደሆነ ቶሎ የማይበተን ነጭ ጭስ፤ ነዳጅ የሚበዛበት እንደሆነ ጥቁር። አልነሳም ብሎ የሚያንገራግርም አለ። ይህን ሁሉ በእንግዳ ፊት ማሳየት ነውር ስለሆነ ሻጩ ማለዳ ብቻውን ሆኖ ተቀብሎታል። ኮፈኑ ላይ እጁን ያሳረፈ ሰው ሙቀቱን ባገኘው ነበር፤ ግን የሰው መኪና መደባበስ ምን ይባላል?

አሁን ሙከራው ደረሰ። ማን ይንዳ? ገዢው አይችልም፤ የሚገዛውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ሻጩ መሪውን ይይዛል፣ አዋቂው ከጎኑ ይቀመጣል፣ ገዢው ከኋላ። እዚህ ላይ የሻጩን እግር ልብ ብሎ ያየ ሰው ትልቅ ጥበብ ያያል። ያ እግር ከዚያች መኪና ጋር ዓመታት ኖሯል፤ በሽታዋን አንድ በአንድ ለይቶ ያውቃል። ሲያስነሳት ነዳጅ ጨመር ያደርግላታል። ፍሪሲዮኑን እስከ ላይ ድረስ ለቆ፣ ፔዳሉ ሊያልቅ ሲል ብቻ ነው የሚጠነቀቀው። ሁለተኛ ከማስገባቱ በፊት ማርሽ በሌለበት ፎሌ ላይ ትንፋሽ ያስወስዳታል። አፉ በዚህ ሁሉ መሃል ስለ ሌላ ጉዳይ ያወራል። መኪናዋም ያለ ኮሽታ ትሄዳለች። ገዢው በበኩሉ ሬዲዮውን ያስፈትሻል፤ በዚህ በኩል ምርመራው እጅግ ጥብቅ ነው። ድምፁ ከኋላ በግራ በኩል ትንሽ እንደሚሰነጠቅ ተደርሶበት ዋጋ ላይ ክርክር ተነስቶበታል።

ፍሪሲዮን በሞተሩና ማርሾቹን በያዘው ካምቢዮ መካከል የተቀመጠ፣ ሸራ የለበሰ ክብ ሰሌዳ ነው። ፔዳሉ ካልተረገጠ ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ከባድ ብረት ላይ ተጭኖ አብሮት ይዞራል፤ ሲረገጥ ይላቀቀዋል። የማርሽ ትምህርት ቢጨመቅ ቢጨመቅ ሰሌዳው ብረቱን ያዝ የሚያደርግባትን ቦታ እግር እንዲያውቃት ማድረግ ነው። ሸራው ሲያልቅ ያቺ ቦታ ብዙውን ጊዜ ወደ ላይ ትሸሻለች። ይበልጥ ሲሳሳ ጭራሽ መንሸራተት ይጀምራል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ አትፈጥንም።

ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ከፊት ለፊት ሰው በሌለበት ሜዳ፣ ሞተሩ እንደበራ የእጅ ፍሬን ይሳባል፣ የእግሩም ይረገጣል፣ ሦስተኛ ማርሽ ይገባል፣ ፍሪሲዮኑ ቀስ ተብሎ ይለቀቃል። ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ወዲያው እርግፍ ብሎ ይጠፋል። ሸራው ያለቀ እንደሆነ ምንም እንዳልተፈጠረ ማጉረምረሙን ይቀጥላል። ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ የሚሰማ ጩኸት ካለ ደግሞ እዚያው ያለው ኩሽኔታ ጊዜውን ጨርሷል ማለት ነው። ደቂቃ አይፈጅም። ግን ማን ነው በሰው ፊት ሆን ብሎ ሞተር የሚያጠፋው? ሞተር የሚያጠፋ ተማሪ ነው፤ አዋቂያችን ደግሞ የሚጠብቀው ስም አለው።

መኪናዋ በደስታ ትገዛለች። ትምህርቱም ይጀመራል፤ አስተማሪው ያው አዋቂው ነው። ገዢው ልጅ ፍሪሲዮኑን ይለቃል፣ ይለቃል፣ ምንም የለም፣ ትንሽ ይጨምራል፣ መኪናዋ ሁለት ጊዜ ዘላ ቀጥ! «ቀስ ብለህ ልቀቅ አላልኩህም?» እንደገና። አሁን ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ትንቀራፈፋለች፣ ውስጡ የተቃጠለ ሸራ ይሸታል። «ነዳጅ አታብዛ አልኩህ እኮ!» ልጁ በላብ ተጠምቋል። እግሩ ሊያውቃት የሚገባው ቦታ የለችበትም፤ እሱ ግን አእምሮው እንደሆነ አምኗል። የዚህን አሠራር ውበት ልብ በሉልኝ፦ የታመመችው መኪናዋ፣ የሚወቀሰው ልጁ፣ የሚቆጣው ደግሞ ጎማውን የረገጠው ሰውዬ።

ሁለተኛ ማርሿ የሚንጫጫው ጥርሶቹ ከመጋጠማቸው በፊት ፍጥነታቸውን የሚያስተካክለው ቀለበት ስለተበላ ሊሆን ይችላል። ይህን ቀለበት ካዲላክ እ.ኤ.አ. በ1928 ይዞ እስኪመጣ ድረስ ሾፌር ማርሽ በቀየረ ቁጥር ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ እየረገጠ፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን በጆሮው እያስታረቀ ነበር የሚነዳው። ልጁ አሁን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ከ1928 በፊት ወደነበረው ዘመን ተመልሷል። የታሪክ ትምህርት በዚህ ዋጋ የሚሰጥ ሌላ ቦታ እስቲ ጥሩልኝ።

ያለቀ ፍሪሲዮን መቼም አንድ ቀን ይቀየራል። ለመቀየር ካምቢዮው መውረድ አለበት፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ከዕቃው ይልቅ የእጅ ዋጋው ነው የሚያስደነግጠው። ካምቢዮ ከወረደ ደግሞ ሰሌዳውም፣ ሰሌዳውን የሚጫነው መጫኛም፣ ኩሽኔታውም አብረው ቢቀየሩ ይመከራል፤ ለአንዱ ተብሎ ዳግመኛ አይወረድም። ያኔ ገዢው በግዢው ዕለት ከዋጋው ላይ ያስቀነሳትን ገንዘብ መልሶ ለመካኒኩ ያስረክባል። ገንዘብ በአንድ ሰው ኪስ ተኝታ እንዳትሻግት የሚደረግ በጎ አድራጎት ነው።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን በሚያምኑ ሰዎችም እቀናለሁ። የፍሪሲዮን ፔዳሉ ላስቲክ አልቆ ብረቱ ያበራል፣ መሪው በእጅ ብዛት ተልጧል፣ የሾፌሩ ወንበር ወደ በሩ ተንጋዷል፤ ቆጣሪው ግን «ገና አልተነካሁም» ይላል። ማን ይታመን? ቁጥር አይዋሽም፤ ፔዳሉ ነው የሚያጋንነው። ቀለሙንማ ተዉት። አንዱ በር ከሌሎቹ ደመቅ ብሎ ሲታይ «ይሄኛው ፀሐይ አላገኘውም» የሚል ማብራሪያ በቂ ነው፤ ማግኔት አስጠግቶ ከሥሩ ያለው ብረት ይሁን ለጥገና የተለሰነ ስቱኮ የሚያጣራ ገዢ ቅናተኛ ተብሎ ይታለፋል።

ከዚህ ተራ መንገድ ከፍ ያሉም አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ የሚሠራው ኮሮላ፣ ወይም እስከ 2003 ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተው የቮልስዋገን ጥንዚዛ፣ ለእነሱ ሰው የሰለቸው ነገር ነው። መለዋወጫው በየቦታው ይገኛል፣ ያየው መካኒክ ሁሉ ይፈታዋል፤ ምን ጀብዱ አለው? እነሱ የሚወዱት ስሟን መካኒኩ ሁለት ጊዜ የሚያስደግማትን መኪና ነው። ሌላው ደግሞ ትልቅ ናፍጣ ያመጣል። ናፍጣ ገና በዝግታ ሲዞር ጉልበት ስላለው እግር ሲሳሳትም ይጎትታል፣ ቶሎ አይጠፋም። ተማሪው በሳምንቱ «ቻልኩ» ይላል፤ አንዲት ትንሽ ቤንዚን መኪና ላይ ሲቀመጥ ደግሞ እንደ አዲስ ይጀምራል። እኔን የጠየቀኝ ባይኖርም፣ በሯ ተጎድቶ ቀለሟ የወየበ፣ ፍሪሲዮኗ፣ ፍሬኗና የእጅ ፍሬኗ ግን ጤነኛ የሆነ ትንሽ ቤንዚን መኪና ነበር የምመርጠው። ገበያው ግን እኔን አይሰማም፤ በሯ የተጎዳው ቆማ ትውላለች፣ ቀለም የተቀባችው በሰዓቱ ትሸጣለች።

ጥቂት ወራት ታግሎ የሚሸነፍም ሞልቷል። «ማርሽ ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ በአውቶማቲክ ይፈተናል፤ በብዙ አገር ደግሞ በአውቶማቲክ የተፈተነ ሰው በመንጃ ፈቃዱ የማርሽ መኪና መንዳት አይፈቀድለትም። የአንድ ያለቀ ሸራ ኃይል እዚህ ድረስ ይዘልቃል።

አልፎ አልፎ ይህን ሁሉ ደስታ የሚያበላሽ ሰው አይጠፋም። ከመምጣቱ በፊት ይደውልና «እባክዎ እስክመጣ ሞተሩን አያስነሱት» ይላል፤ ድፍረቱን ተመልከቱ። ሲደርስ መጀመሪያ ኮፈኑን ይዳብሳል። አጎንብሶ የጎማ ቁጥር ያነባል። ገንዘብ ከፍሎ መካኒክ ይዞ መጥቷል፤ ሬዲዮውን አንዳቸውም አልነኩትም። መካኒኩ የእጅ ፍሬኑን ስቦ ሦስተኛ ያስገባና ፍሪሲዮኑን ይለቃል። ሞተሩ አይጠፋም። እያጉረመረመ ይቀጥላል። ሁለቱ ይተያያሉ።

«ምን ሆነ? እየሠራች እኮ ነው!» ይላል ሻጩ።

«አዎ፣ እሱ ነው ችግሩ» ይላል ሰውዬው። አመስግኖ፣ እጅ ነስቶ ይሄዳል።

ሻጩ ከኋላው ትንሽ ያጉተመትማል፤ ሊገዛ ሳይሆን ሊፈትን የመጣ ሰው እንዳጋጠመው ለጎረቤቱ ያወራል። ከዚያ ስልኩን ያነሳል። «ሃሎ፣ ስለ መኪናዋ ደውለው ነበር አይደል? አለች፣ አልተሸጠችም። ለልጁ መለማመጃ ነው? ታዲያ ምን አነሳት! ከሰዓት በኋላ ይምጡ፣ አሙቄ እጠብቅዎታለሁ። መኪና የሚያውቅ ሰው ካለዎትም ይዘው ይምጡ።»